የድጋፍ ደብዳቤውን የመለስን ዕለት

ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወርጂ አሁንም ግድግዳ ትደገፊያለሽ ወይስ ቅባቱ ሠራልሽ? የእማዬ ዓይንስ? ፋሻው ሲነሣላት መጀመሪያ ያየችው የመስኮቱን መስተዋት ቆሻሻ ነው ብለሽ የጻፍሽውን ሥራ ቦታ ሳነብ ብቻዬን ስስቅ፣ አለቃዬ «ይቺን ልጅ ዛሬ ምን ነካት?» አለች። ባለቤትሽ አሁንም ዜና አንባቢውን ይከራከረዋል? መንታዎቹስ ጥርሳቸውን ነቅለው ጨረሱ? አንቺስ ቀኑን ሙሉ ሰው ስታዋልጂ ውለሽ ማታ እግርሽን የሚያሽልሽ አለ? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የምጠይቅሽ መልስሽ እስኪደርሰኝ ወር ስለሚፈጅ ነው። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴም ልጄም እኔም ደህና ነን።

ደህና ነን ስል ግን ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም እዚህ ስደርስ ወደ ማሽኔ ተመልሻለሁ። አሁን የምሳ ሰዓት ነው። ስፌት ቤቱ ውስጥ እኔና አንዲት የተኛች ቁልፍ ተካይ ብቻ ነን፤ ማሽኖቹ ዝም ብለዋል፤ ሰበብ አጣሁ። እታለም፣ ምክርሽን ተቀብዬ ነበር። አልፈጸምኩትም።

ባለፈው የጻፍኩልሽ እየተጣደፍኩ ነበርና ነገሩን ከሥሩ ልድገምልሽ። ልጄ፣ ማለቴ ቀለሜ (ሠፈሩም፣ ስፌት ቤቱም፣ አባቷም እንደዚያ ስለሚጠሯት የወጣላትን ስም እኔም ልረሳው ነው) ዘንድሮ የሠፈሩን ትምህርት ቤት ጨረሰች። ከዚያ በላይ ደህና የሚባለው ዳገቱ ላይ ያለው የግል ትምህርት ቤት ነው፤ የደንብ ልብሱን እኛ የምንሰፋለት። ወደዚያ የሚያስገቡ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። የሠፈሩ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር በዓመት ለአንድ ልጅ ብቻ ይጽፋሉ፤ የተጻፈለት ልጅ ሳይፈተን ይገባል፤ ወላጁም «ልጄ ፈተና አትቀመጥም» ብሎ ይፈርማል። ሁለተኛው ለሁሉም ክፍት የሆነው ፈተና ነው። ለአርባ ቦታ አራት መቶ ልጅ ይቀመጥበታል። ከአርባዎቹ ፊተኞቹ ሃያ የሳይንስ ክፍል ይገባሉ፤ የራሱ ቤተ ሙከራ አለው፤ ተማሪ በገዛ እጁ ነው የሚሞክረው። በደብዳቤ የገባ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት እዚያ ክፍል አይደርስም። በፈተና የወደቀ ደግሞ ዳገቱን ይረሳና ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል ወደሚታጨቅበት ወደ ገበያው ዳር ትምህርት ቤት ይወርዳል።

ርዕሰ መምህሩ የዘንድሮውን ደብዳቤ ለቀለሜ ጻፉላት። ነገርኩሽ። አንቺም «ያገኛችሁትን አጥብቃችሁ ያዙ፤ በልጅ ዕድል ቁማር አይቆመርም» ብለሽ ሁለት ጊዜ አሰመርሽበት። ያሰመርሽበት ቀለም ወደ ወረቀቱ ጀርባ አልፏል። ወረቀቱን አጥፌ የልኬት ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት፤ ደብተሩን በከፈትኩ ቁጥር እንዳየው።

ባለቤቴን ታውቂው የለ? አውቶቡስ ነጂ ምሥጢር አይቋጥርም። ጉዳዩን ይዞ ወደ ሥራ ወጣ። ማታ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ «ዛሬ የፊት ወንበሮች ደብዳቤ ብለዋል፤ የኋላዎቹ ፈተና ብለዋል፤ የቆሙት ደግሞ ተከፋፍለዋል» ይለናል። በማግስቱ ይገለበጣል። አንዲት አሮጊት በየማለዳው ሲሳፈሩ «ልጅቷስ ምን ሆነች?» ማለት ጀመሩ። «ያንተስ ሐሳብ?» ስለው «እኔ ነጂ ነኝ፤ የተሳፈረ ወደሚለው ነው የምሄደው» ብሎ ይስቃል። እስቃለሁ። ከዚያ ሌሊት ጣሪያ አያለሁ። ቀለሜ ይህ ሁሉ ሲወራ ራቷን እየበላች መጽሐፍ ታነባለች። ማንም እሷን አልጠየቃትም። ይህን ስጽፍልሽ ነው ያስተዋልኩት። ተሳፋሪ በሙሉ ተጠይቋል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

እኛ ጋ ጨርቅ አንድ በአንድ አይቆረጥም። ስድሳ ሰባ ንጣፍ ተደራርቦ፣ ከላይ የአቆራረጡ ንድፍ ያለበት ወረቀት ተዘርግቶ፣ በኤሌክትሪክ መቁረጫ አንድ ጊዜ ይቆረጣል። ከዚያ ቆረጣ ያመለጠ ልጅ ቀጣዩ ጣቃ እስኪመጣ ወራት ይጠብቃል። የዳገቱ ትምህርት ቤት የስድሳ አራት ነባር ተማሪዎች ዝርዝር ላከልን። ገና አልፈረምንም ነበር። እጄ ግን ከእኔ ቀደመ፤ የቀለሜን ትከሻ፣ ወገብ፣ የክንድ ርዝመት ከሁሉም በታች ጻፍኩት። ልኬቷን ከደብተሬ መገልበጥ አላስፈለገኝም። ስድሳ አምስተኛ ንጣፍ ተጨመረ፤ ተቆረጠ፤ በልኳ ተሰፋ፤ ተተኮሰ፤ ስሟ በወረቀት ተጽፎ በስፒል ተያያዘበት። ከሌሎቹም ጋር ታስሮ ወደ ዳገቱ ሄደ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤቱ ተደወለ። ስድሳ አራት አዘዙ፣ ስድሳ አምስት ደረሳቸው፣ ይቺ የማትታወቅ ልጅ ማን ናት? አለቃችን፣ ከኋላዋ «እትዬ መቀስ» የምንላት፣ ስልኩን ዘግታ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ «አንቺ! ልጅሽን ሳታስገቢ ልብሷን አስገባሽ?» አለችኝ። ቤቱ በሣቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ጆሮዬ ድረስ ግን ነደድኩ። ሰርቄ የተያዝኩ መሰለኝ፤ የሰረቅሁት ግን ምን እንደሆነ አላወቅሁትም።

(ደንበኛ መጣ። ሱሪ ማሳጠር ነው። ተመለስኩ።)

ለማስረዳት ቀለሜን ይዤ ወደ ዳገቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መዝጋቢዋ መነጽሯን በገመድ አንጠልጥላ ጠረጴዛው ላይ የእኛን የደንብ ልብስ ዘርግታዋለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እናት ስትቸኩል እንዲህ ነው፤ ለማንኛውም የድጋፍ ደብዳቤው ከእኛ ዘንድ ደርሷል፤ እዚሁ ይፈርሙና ይገላገሉ» አለችኝ። እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ደብዳቤውን ደግሞ፣ ደስ እንዲለን ብላ፣ ጮክ አድርጋ አነበበችልን። ዝምተኛ። ታዛዥ። በጥያቄ መምህራንን የማታስቸግር።

ቀለሜ «እኔ ነኝ?» አለች።

መዝጋቢዋ ሳቀችና አንቺ ነሽ አለቻት። ልጄ ልብሱን እያየች፣ ቀስ ብላ፣ «ጥያቄ አለኝ እኮ። መምህሩ ስለሚቸኩሉ ቤት ይዤው እየሄድኩ ነው እንጂ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና «እማ፣ ፈተናውን ብቀመጥስ?» አለችኝ። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው። ጫፉ ወረቀቱን ነክቶ ትንሽ ነጥብ ሠርቷል። «ፈተና ትፈሪያለሽ ብዬ ነበር» አልኳት። «አንቺ ነሽ የምትፈሪው» አለችኝ፤ በክፋት አይደለም፤ ሰዓት ስንት ነው ሲሏት እንደምትናገረው ነው የነገረችኝ።

መዝጋቢዋ እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጠችን። 

ማታ ሦስት ደብተር አምጥታ ጠረጴዛ ላይ ደረደረችልኝ። እነዚህን ደብተሮች ሳውቃቸው ዓመታት አልፈዋል፤ ትምህርት የምትገለብጥባቸው ይመስለኝ ነበር። ጥያቄ ብቻ ናቸው። አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ለምን ቀለም ያወጣል? አባዬ ፍሬን ሲይዝ እኛ ለምን ወደ ፊት እንሄዳለን? ገልጬ ገልጬ አንዱ ላይ ቆምኩ። «እማዬ ስትሰፋ መርፌው ተመልሶ ይወጣል፤ ታች ያለው ክር ከላይኛው ጋር ማን ነው የሚያጠላልፈው?» ይላል። ከጎኑ ቀን ተጽፏል። ሁለት ዓመት አልፎታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለት እርምጃ ከእኔ ርቃ ተቀምጣ ስታጠና፣ «እሰይ፣ የእኔ ዝምተኛ፣ ሥራ አታስፈታኝም» ስላት ኖሬያለሁ።

እታለም፣ የሚያሳፍረው ደግሞ መልሱን አለማወቄ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሰፍቻለሁ፤ ክሩን ከላይ አሳልፋለሁ፣ የታችኛውን ክር ጠቅልዬ ቦታው አስገባለሁ፤ ከዚያ በታች ምን እንደሚሆን አይቼ አላውቅም። የቤቱን ማሽን ሽፋን ፈታነው። መንኮራኩሩን በእጄ ቀስ እያልኩ አዞርኩት፤ እሷ በእጅ ባትሪ አበራች። መርፌው ወረደ፤ ሊመለስ ሲል ክሩ ትንሽ ቀለበት ሠራ፤ አንዲት መንጠቆ መጥታ ቀለበቷን ያዘቻትና በታችኛው ክር ዙሪያ አሳለፈቻት። ሁለታችንም እኩል ጮህን። ባለቤቴ ጣቴን የወጋሁ መስሎት ሮጦ መጣ። ከዚያ እሱም ተንበረከከ። «ይድገም» አለ። ሦስታችን ጭንቅላታችንን ገጥመን ራት እስኪቀዘቅዝ መንኮራኩር ስናዞር አመሸን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበልሽ፤ እንዳታዝኚብኝ። በእሷ ዕድሜ ሳለሁ፣ እማዬ የታመመች ጊዜ፣ ስፌት ማሠልጠኛው ድረስ እጄን ይዘሽ የወሰድሽኝ አንቺ ነሽ። በሩ ላይ ለሴትየዋ «ዝምተኛ ናት፤ አታስቸግራችሁም» አልሻት። ተቀበለችኝ። በዚያ ቃልሽ ሙያ ያዝኩ፣ ትዳር ያዝኩ፣ እግዜር ይስጥሽ ብዬ አልጠግብም። ሌላ ምን ልትዪ ትችዪ ነበር? አንቺም አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ግን መዝጋቢዋ ደብዳቤውን ስታነብ የሰማሁት ያንቺን ድምፅ ነው። ያኔ እኔም ልል የፈለግሁት ነገር የነበረ ይመስለኛል። ምን እንደነበር ጠፋኝ። ብዙ አሰብኩበት፤ አልመጣልኝም።

ዓርብ ጠዋት የድጋፍ ደብዳቤውን ከዳገቱ ትምህርት ቤት አውጥተን ለርዕሰ መምህሩ መለስን። ተቀየሙ። «በሥራ ዘመኔ ደብዳቤዬ ሲመለስብኝ ይኸ የመጀመሪያው ነው» አሉ። ቀለሜ እጅ ነሥታ «አመሰግናለሁ፤ ግን የጻፉት ስለ ሌላ ልጅ ነው የመሰለኝ» አለቻቸው። እኔ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። እሳቸው ግን አተኩረው አዩዋት፤ ስድስት ዓመት ሲያስተምሯት ድምፅዋን ያን ቀን የሰሙ ይመስል። ደብዳቤው ለጎማ ጠጋኙ ሴት ልጅ ተላለፈ። የተሰፋውንም ልብስ እኔው በእጄ ለእሷ አጠበብኩት። እናቷ መጥታ ሳመችኝ። ስፌቱን ስፈታው ግን አንዴ ተሳስቼ ጨርቁን ቀደድኩት፤ ጠቀምኩት፤ አይታይም።

ከዚያ ሁለት ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አትጠይቂኝ። እሷ ትተኛለች። እኛ አንተኛም። ባለቤቴ በሕልሙ ሁሉ «ወራጅ አለ?» ይላል።

የፈተናው ዕለት ወላጆች ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ማንም ማንንም አያይም። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ የሱሪው ጫፍ ተተርትሯል። ዓይኔን ከዚያ ላነሣ አልቻልኩም። ልጄ ውስጥ አለች፤ እጄ ባዶ ነው፤ ጫፉ ተተርትሯል። በመጨረሻ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ይቁሙልኝ» አልኩት። ከኮሌታዬ ሥር መርፌና ክር አወጣሁ። ሰውዬው ግራ ገብቶት ቆመና «ልጄ ውስጥ ይፈተናል፤ እኔን ውጭ ይሰፉኛል» አለ። አግዳሚው ሁሉ ሳቀ። ቀስ በቀስ ወሬ ተጀመረ። አንዲት ሴት የተፈታ ቁልፏን ይዛ መጣች። ፈተናው ሲያልቅ አራት ሰው ጠግኛለሁ። ካልሆነስ? እያልኩ ነው የምሰፋው። በየስፌቱ ካልሆነስ። ሰባ ልጅ ያለበት ክፍል፣ የኋላ ወንበር፣ እንደገና ዝምታ፤ ያን ጊዜ ደግሞ እናቷ ፈቅዳላት የመጣ ዝምታ።

ውጤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሐሙስ ነው። ባለቤቴ በእረፍት ሰዓቱ ከተርሚናል እየሮጠ መጣ። እኔ ከላይ ጀመርኩ፤ እሱ ከታች። ከሃያ አለፍኩ፤ የለችም።  ወዲያው እሱ አውቶቡስ በር ላይ እንደቆመ ሰው «ሠላሳ አንድ! ሠላሳ አንድ!» ብሎ ጮኸ፤ ዘበኛው መጣ። አቀፈኝ፤ ኮፍያው ወደቀ።

ቀለሜ ከግድግዳው ራቅ ብላ ቆማለች። «ሳይንስ ክፍል እስከ ሃያ ነው» አለች። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ለልጅ ምን ይባላል እታለም? አሥራ አንድ ደረጃ። በደብዳቤው ብትገባ የምታገኘውን ያንኑ ክፍል ነው ያገኘችው። እኔ ይህን አሰብኩ፤ እሷም ማሰቧን ፊቷ ላይ አየሁ። አባቷ ጎንበስ ብሎ ምን እንደሆነ ጠየቃት። «አራተኛው ጥያቄ ላይ ቆየሁ። መልሱ ወጥቶልኝ ነበር። ግን ሌላም መንገድ ያለው መሰለኝና እሱን ስፈልግ ሰዓቱ ሄደ» አለች። «ታዲያ አገኘሽው?» አላት።  እንባዋ ሳይደርቅ ጥርሷ ታየ። «አገኘሁት።» «በቃ!» አለ ባለቤቴ፤ «አንድ ጊዜ ከፍለሽ ሁለት ጊዜ ተሳፈርሽ!»

ለመመዝገብ ገባን። ያቺው መዝጋቢ ናት። አወቀችን፤ ፈገግ አለች፤ ስለ ልብሱ ግን ትንፍሽ አላለችም። ቅጹን ሞላሁ፤ ፈረምኩ። በዓመቱ መጨረሻ ጥሩ ያመጣ ወደ ሳይንስ ክፍል መዛወር እንደሚችል ነገረችን። ከዚያ ለሁሉም እንደምትለው፣ ማህተሙን እየመታች፣ ቀና ሳትል፣ «ጥያቄ አላችሁ?» አለች።

ልጄ «አዎ» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ስለ ቤተ ሙከራው ነበር። ከሳይንስ ክፍል ውጭ ያለ ልጅ በምሳ ሰዓት ገብቶ ማየት ይችላል ወይ? ቁልፉ ማን ጋ ነው? ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ለስንት ቀን ያውሳል? የአራተኛውን ጥያቄ ያወጣው መምህር ማን ነው፣ ሊያናግረኝ ይችላል? መዝጋቢዋ መጀመሪያ ሰዓቷን አየች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች። ከዚያ ወደ ውስጠኛው ክፍል ጮኻ አንድ የጠመኔ ዱቄት የነካው ኮት የለበሰ መምህር ጠራች፤ እሱም በሩን ተደግፎ ቆመና ትንሽ ቆይቶ እሱም ወንበር ፈለገ። ከኋላችን ሰልፍ ነበር። እትዬ መቀስም እየጠበቀችኝ ነበር። እኔ ግን ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ ልጄ ስታስቸግር ሰማሁ።

ይኸው ነው እታለም። አንቺ ያሰመርሽበትን አላከበርኩም። ሳይሆን ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ በምን አፌ እጽፍልሽ ነበር? አላውቅም። ምናልባት አልጽፍም ነበር።

እማዬን ጉልበቷን ስሚልኝ፤ መስተዋቱን ራሷ እንዳትወለውል፣ ሐኪሙ ጎንበስ አትበይ ብሏታል አይደል? ለባለቤትሽ የእኔው ባል ሰላም ይልሃል፤ ዜና አንባቢውን ስትረታው ንገረን በዪው። መንታዎቹን ከግራና ከቀኝ እኩል ሳሚልኝ፤ አንዱን ካስቀደምሽ ጦርነት ነው። ጎረቤትሽን፣ ያቺን ፖስተኛዋን፣ ደብዳቤዬን ሳትከፍቺ በፊት «ምን ትላለች?» የምትልሽን፣ ደህና ነች በያት። ቀለሜን «ለአክስትሽ ሰላምታ ጻፊ» ስላት ሁለት ገጽ ጻፈች፤ ስለ አዋላጅነት ነው፤ አሥራ ሰባት ጥያቄ አለው፤ አብሬ ልኬዋለሁ። ሥራ ካስፈታሽ ይቅር በይን። ለእሷ መልሺላት። በእኔ ተቆጥተሽ እንደሆነም በአጭሩ አትቆጪ፤ ረዘም አድርገሽ፣ የልብሽን ሁሉ ጻፊልኝ። እኔም አሁን የምጠይቅሽ አለኝ።

ታናሽ እህትሽ

ከስፌት ቤቱ፣ መስኮቱ አጠገብ ካለው ማሽን
ማክሰኞ፣ ሰኔ 14 ቀን